«ደህና» የሚለው ዓምድ

ከድልድዩ ማዶ፣ ዘንባባው ሲያበቃ፣
አንድ ቤት አለ፣ ሌሊቱን የሚነቃ፤
በውስጡ ነጭ አይጦች፣ መቶ ሃያ ሳጥን፣
በያንዳንዱ ሳጥን ቁጥርና ቀን፤
እኔም አዝመራው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሰጋቱራ የምቀይር፣ ውሃ የምሞላ ለሁሉ።

ሚስቴ ትስቃለች፣ ደመወዝ ሳመጣ፦
«አባትህ ከጎተራ
አይጥ በዱላ ሲያባርር ዕድሜውን ፈጀ፤
ልጁ ተቀጥሮ ለአይጥ ፍራሽ አበጀ!»
እስቃለሁ እኔም።
ልጃችንን ግን በጥቅምት ወባ ሲያንዘፈዝፋት፣
ሦስት ቀን የዋጠችው ኪኒን ሲያድናት፣
ማን ቀድሞ ቀመሰላት?
አልጠየቅንም።

በኅዳር ሥልጠና ተባለ።
ዶክተር ይታይሽ መጣች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤
«አይጥን እንዴት ታነሣለህ?» ብላ ጠየቀች።
በጭራ፣ አልኳት፣ እንደ ልማዴ፤
እንደ ደወል ገመድ፣ ሳብ አድርጌ በአንዴ።
አልተቆጣችም።
ከሐይቅ ውሃ እንደሚጨልፍ ሰው እጇን እፍኝ አደረገች፣
ሳጥኑ ውስጥ አኖረች፣
ጠበቀች።
አይጢቱ ራሷ መጥታ መዳፏ ላይ ወጣች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ማን ነገረኝ?
መርፌ ሲያስይዙኝ ማንም አላስተማረኝ።

ቀጥላም፦ «በሰማኒያ የሚታወቀውን
ለምን በመቶ ሃያ?» አለች ተማሪውን።
ተማሪው ራሱን አከከ፤ አማካሪው አቀርቅሮ
ወረቀት ገለጠ፤ ደጅ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ አምርሮ።

ጥር ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኮሚቴው ሳናስበው ደረሰ።
አራቱ የተማሩ፤ ጋሼ ሙጬ ግን ጡረተኛ፣
ታንኳ ላይ ያረጀ የቆሮሶ አጥማጅ፣
«ከሕዝብ ወገን» ተብሎ የገባ አምስተኛ።
ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ነው፣ ጠዋትና ማታ የሚሞላው፤
ዓምዱ ሁሉ በኔ እጅ ጽሕፈት፦
ዓርብ ደህና። ቅዳሜ ደህና። እሑድም ደህና።
ሳጥን አርባ ሰባትን ሲከፍቱት፣
አንዷ ተኮራምታለች፤ ፀጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ተጣብቋል፤
ገላዋ እንደ ታና ንጋት ይቀዘቅዛል፤
ሞት ሳይቀበላት ሕይወት የተዋት።
«ቅዳሜ ነበር ልናሳርፋት የሚገባን፣ ስቃይ ሳይበላት»
አለች ይታይሽ፤ መዳፏ ላይ አኖረቻት።
ጋሼ ሙጬ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣
«እሑድ ማታ ማን አያት?» አለ።

ዝም።
ቧንቧው ይንጠባጠባል።
እሑድ ማታ ሽምብጥ ነበርሁ፣ ሰርግ ላይ፤
የእሑድን «ደህና» ቅዳሜ ነው የጻፍኩት፣ ሳላይ።

ደግሞስ ሁላችን የምንለው አይደለም?
«እንደምን አደርክ?»
«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፤
ትኩሳት እየፈጀን፣ የቤት ኪራይ አንቆን።
ስለ ራስ ሲሉት ጨዋነት ነው፤
አፍ ስለሌላት ሲሉት ግን ስሙ ማነው?

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፣
ሥልጠናውን እንደገና፣ ከሀ፣ አስጀመሩኝ።
ጋሼ ሙጬ ሲፈርም፣ ብዕሩን እንደ መቅዘፊያ ጨብጦ፣
«መረቡን የጣለ ሰው» አለኝ ቀና ብሎ አፍጥጦ፣
«ንጋት ላይ አይቀርም።»
ሌላ አልጨመረም።

አሁን ቅጹ ተቀይሯል፤ «ደህና» የሚባል ቃል የለበትም።
በላች ወይ? ጀርባዋ ጎብጧል? ስትጠጋ ትሸሻለች?
ያየው ማነው? በስንት ሰዓት?
ተማሪውም በሰማኒያ ሠራ፤ መልሱ አልጎደለበትም።

ትናንት እሑድ መብራት ጠፋ።
ከሐይቁ ወገን ጉማሬ አጉረመረመ።
ባትሪ ይዤ ከሳጥን ሳጥን ሄድሁ፤
አርባ ሰባት ላይ አዲሶች ገብተዋል፤ ቆምሁ።
እጄን እፍኝ አድርጌ አኖርሁ።
ጠበቅሁ።
አንዷ መጣች፤ ጣቴን አሸተተች፤
አሰበች መሰለኝ፤ ተመለሰች።
መዳፌ ላይ አልወጣችም።
እሱንም ጻፍኩት፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣
ከነስሜ።